ያልተከፈለ የትርፍ ሰዓት ሥራን የሚያስገድድ የሥራ ውል

ያልተከፈለ የትርፍ ሰዓት ሥራን የሚያስገድድ የሥራ ውል ማለት ሠራተኛው ከመደበኛው የሥራ ሰዓት በላይ እንዲሠራ የሚያዝ፣ ለተጨማሪው ሰዓት ግን የተለየ ክፍያ የማይሰጥ ወይም ክፍያው በወር ደመወዙ ውስጥ ተካቷል የሚል የቅጥር ውል ነው። በኢትዮጵያ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሚሸፈን የሥራ ግንኙነት ውስጥ እንዲህ ያለ የውል ቃል ሕጉ ካስቀመጠው ዝቅተኛ መብት በታች ስለሆነ፣ ሠራተኛው ቢፈርምበትም አይጸናም። ይሁን እንጂ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል፤ የተሠራውን ሰዓት በማስረጃ ማረጋገጥም ቀላል አይደለም። በዚህ ምክንያት በሕግ የታወቀው መብት በተግባር ሳይከፈል ሊቀር ይችላል።

ትርጓሜ

የትርፍ ሰዓት ሥራ በዕለት ተዕለት ንግግር «ኦቨርታይም» ይባላል። በሕግ ትርጉሙ ከመደበኛው የቀን የሥራ ሰዓት በላይ የሚሠራ ሥራ ማለት ነው። ስለዚህ በሌሊት የሚሠራ ሥራ ሁሉ ትርፍ ሰዓት አይደለም። ለምሳሌ የሌሊት ፈረቃ የደረሰው የጥበቃ ሠራተኛ መደበኛ 8 ሰዓቱን በሌሊት ቢሠራ ትርፍ ሰዓት ሠራ አይባልም። በቀን ፈረቃ 8 ሰዓት ከሠራ በኋላ ተተኪው ስለቀረ ሌላ 3 ሰዓት ቢቆይ ግን ሦስቱ ሰዓታት ትርፍ ሰዓት ናቸው።

ትርፍ ሰዓት መሥራት በራሱ ሕገወጥ አይደለም። ጥያቄ የሚነሳው ውሉ ትርፍ ሰዓቱን የዘወትር ግዴታ ሲያደርገው ወይም ክፍያውን ሲያስቀር ነው።

በውል ውስጥ የሚታዩ መልኮች

እንዲህ ያለ ግዴታ «ያለ ክፍያ ትሠራለህ» በሚል ግልጽ ቃል የሚጻፈው አንዳንዴ ብቻ ነው። በተለያዩ አገሮች የሚታወቁት ዋና ዋና መልኮች የሚከተሉት ናቸው።

• ጠቅላላ ደመወዝ፦ የወር ደመወዙ ማንኛውንም የትርፍ ሰዓት ክፍያ ያጠቃልላል የሚል ቃል። ስንት ሰዓት እንደተጠቃለለ ውሉ አይናገርም።

• መብትን መተው፦ ሠራተኛው በገዛ ፈቃዱ የትርፍ ሰዓት ክፍያ እንደማይጠይቅ የሚፈርምበት አንቀጽ ወይም ከውሉ ጋር የሚያያዝ ቅጽ።

• ቋሚ አበል፦ በየወሩ የተወሰነ የትርፍ ሰዓት አበል ይከፈላል፤ የተሠራው ሰዓት ከአበሉ ቢበልጥም ልዩነቱ አይታሰብም።

• በሥራ መጠን መለካት፦ የቀኑ ኮታ ወይም የተሰጠው ሥራ እስኪያልቅ ድረስ መቆየት ግዴታ ይሆናል። ኮታው በ8 ሰዓት የማይደረስበት ከሆነ የቀረው ጊዜ ያልተከፈለ ትርፍ ሰዓት ነው።

• የማዕረግ ስም፦ ሠራተኛው «ኃላፊ»፣ «ማናጀር» ወይም «አስተባባሪ» ተብሎ ይቀጠርና የትርፍ ሰዓት ክፍያ የማይመለከተው የሥራ መሪ ነው ይባላል።

• የመግቢያና የመውጫ ዝግጅት፦ ከሥራ ሰዓት በፊት ስብሰባ፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ ሒሳብ መዝጋት ወይም ዕቃ መቁጠር የሥራ አካል ሆኖ ሳለ እንደ ሥራ ሰዓት አይመዘገብም።

የሒሳብ ውጤቱ

ያልተከፈለ ትርፍ ሰዓት የሚያስከትለው ለውጥ በሰዓት ሒሳብ ሲታይ ግልጽ ይሆናል። በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራ ሰው በዓመት 52 ሳምንታት ሲባዛና ለ12 ወራት ሲካፈል በአማካይ በወር 208 ሰዓት ይሠራል። የወር ደመወዙ 10,400 ብር ቢሆን የአንድ ሰዓት ደመወዙ 50 ብር ይሆናል።

ይህ ሠራተኛ በሳምንት ተጨማሪ 12 ሰዓት እንዲሠራ ቢታዘዝ፣ ከዚህም ውስጥ 8ቱ ሰዓት በሥራ ቀናት ምሽት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ 4ቱ ደግሞ በሳምንት ዕረፍቱ ቀን ቢሆኑ፣ በኢትዮጵያ ሕግ የሚገባው ክፍያ እንዲህ ይሰላል።

• የምሽቱ 8 ሰዓት፦ 50 ብር በ1.5 ተባዝቶ በሰዓት 75 ብር፣ በጠቅላላ 600 ብር
• የዕረፍት ቀኑ 4 ሰዓት፦ 50 ብር በ2 ተባዝቶ በሰዓት 100 ብር፣ በጠቅላላ 400 ብር
• የሳምንቱ ድምር፦ 1,000 ብር

ውሉ ትርፍ ሰዓቱ በደመወዙ ተካቷል የሚል ከሆነ ሠራተኛው ይህን 1,000 ብር በየሳምንቱ ያጣል። ያው 10,400 ብር አሁን የሚከፈለው ለ208 ሰዓት ሳይሆን በወር በአማካይ ለ260 ሰዓት ስለሆነ፣ የሰዓት ደመወዙ ከ50 ወደ 40 ብር ይወርዳል። በደመወዝ መክፈያ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ሳይነካ ደመወዙ በ20 በመቶ ተቀነሰ ማለት ነው።

ታሪክ

የሥራ ቀንን በ8 ሰዓት የመወሰን ጥያቄ በ19ኛው መቶ ዘመን በኢንዱስትሪ አገሮች የሠራተኞች እንቅስቃሴ ዋና ጥያቄ ነበር። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ግንቦት 1 ቀን 1886 የተጀመረውና በቺካጎ ደም ያፋሰሰው የሥራ ማቆም አድማ የተካሄደው ለዚሁ ጥያቄ ነው፤ የዓለም የሠራተኞች ቀንም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በተቋቋመበት በ1919 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያው ስምምነት በኢንዱስትሪ ውስጥ የሥራ ሰዓትን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይወስናል። የትርፍ ሰዓት ክፍያም ከመደበኛው ክፍያ ቢያንስ በሩብ እንዲበልጥ ይደነግጋል። በ1948 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ሁሉ አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 24 የዕረፍትና ምክንያታዊ የሆነ የሥራ ሰዓት ገደብ መብትን አውቋል።

በኢትዮጵያ የሥራ ግንኙነት በተከታታይ አዋጆች ሲገዛ ቆይቷል። ከእነዚህም ውስጥ በደርግ ዘመን የወጣው አዋጅ ቁጥር 64/1968፣ በሽግግሩ ወቅት የወጣው አዋጅ ቁጥር 42/1985፣ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 377/1996 እና አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይገኙበታል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 42 ሠራተኞች በአግባቡ የተወሰነ የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍት፣ የመዝናኛ ጊዜና ከክፍያ ጋር የሚሰጥ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል።

በኢትዮጵያ ሕግ

መደበኛ የሥራ ሰዓት

በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ሠራተኛው በየሳምንቱ ያልተቆራረጠ ቢያንስ የ24 ሰዓት ዕረፍት ማግኘት አለበት።

ትርፍ ሰዓት የሚፈቀድበት ሁኔታ

አዋጁ መነሻ የሚያደርገው ሠራተኛ ትርፍ ሰዓት እንዲሠራ አይገደድም የሚለውን መርህ ነው። ትርፍ ሰዓት የሚፈቀደው አሠሪው ሌላ አማራጭ ይኖረዋል ተብሎ በማይገመትበት ጊዜና ከሚከተሉት አንዱ ሲያጋጥም ነው።

• አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል
• ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ ሲያጋጥም
• አስቸኳይ ሥራ ሲኖር
• ሳይቋረጥ በሚካሄድ ሥራ ላይ የተመደበ ሠራተኛ ሲቀር እርሱን ለመተካት

ለአስቸኳይ ሥራ የሚሠራው ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ አይችልም። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ገደቡ በቀን 2፣ በወር 20፣ በዓመት 100 ሰዓት ነበር። በአዲሱ አዋጅ የክፍያው መጠን ከፍ ቢልም የወርና የዓመት ጣሪያው ቀርቷል።

ከዚህ እንደሚታየው «ሠራተኛው በየቀኑ 10 ሰዓት ይሠራል» የሚል ውል ሁለት ችግር አለበት። ክፍያውን ማስቀረቱ አንደኛው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ለተለየ ሁኔታ ብቻ የተፈቀደውን ሥራ የዘወትር የሥራ ሰዓት ማድረጉ ነው፤ ይህ ችግር ክፍያው በተገቢው መጠን ቢፈጸምም አይወገድም።

የክፍያ መጠን

የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚሰላው የሠራተኛውን መደበኛ የሰዓት ደመወዝ በሚከተሉት ቁጥሮች በማባዛት ነው።

• ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት፦ በ1.5 (በቀድሞው አዋጅ 1.25)
• ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፦ በ1.75 (በቀድሞው አዋጅ 1.5)
• በሳምንት የዕረፍት ቀን፦ በ2
• በሕዝብ በዓል ቀን፦ በ2.5

ክፍያው ከመደበኛው ደመወዝ ጋር በደመወዝ መክፈያ ቀን መፈጸም አለበት።

የውል ቃሉ ውጤት

በአዋጁ አንቀጽ 4 መሠረት የሥራ ውል በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ከተሰጡት መብቶች ያነሰ የሥራ ሁኔታ ሊይዝ አይችልም። ውል ከሕጉ የተሻለ መብት መስጠት ይችላል፤ ለምሳሌ የምሽቱን ትርፍ ሰዓት በ1.5 ፋንታ በ2 ማባዛት ይቻላል። ከሕጉ በታች መውረድ ግን አይቻልም። ስለዚህ የትርፍ ሰዓት ክፍያን የሚያስቀር አንቀጽ ውጤት አይኖረውም፤ በእርሱ ቦታ የሕጉ ድንጋጌ ይሠራል። የቀረው የውሉ ክፍል ይቀጥላል፤ ሠራተኛው የክፍያ አንቀጹ ትክክል አይደለም በማለቱ ሥራውን ያጣል ማለት አይደለም። አዋጁ ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡን ወይም በክስ ሂደት መሳተፉን ውል ለማቋረጥ በቂ ምክንያት ከማይሆኑት ነገሮች ውስጥ ቆጥሮታል።

ለአንዳንድ ሠራተኞች ደግሞ ትርፍ ሰዓት በክፍያም ቢሆን የተከለከለ ነው። ነፍሰ ጡር ሠራተኛና ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ሠራተኛ በትርፍ ሰዓት ሥራ አይመደቡም። የወጣት ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ሰዓትም በቀን ከ7 ሰዓት አይበልጥም።

ከአዋጁ ውጭ የሆኑ

አዋጁ ሁሉንም የሥራ ግንኙነት አይሸፍንም። የመንግሥት ሠራተኞች፣ የፖሊስና የመከላከያ አባላት፣ ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ በሌሎች ሕጎች ይተዳደራሉ። የሥራ መሪዎችና በግል ቤት የሚያገለግሉ ሠራተኞችም ከአዋጁ ውጭ ናቸው።

ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ክርክር የሚያስነሳው የሥራ መሪ የሚለው ነው። በአዋጁ ትርጓሜ የሥራ መሪ የሚባለው የድርጅቱን የሥራ አመራር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም ሥልጣን ያለው፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበትና የመመደብ ሥልጣን የተሰጠው ሰው ነው። መለኪያው በእጁ ያለው ሥልጣን ስለሆነ በውሉ ላይ «ማናጀር» መባሉ ብቻውን አይበቃም። የመደብሩን ቁልፍ የሚይዝ ነገር ግን ማንንም መቅጠርም ማሰናበትም የማይችል «የሱቅ ኃላፊ» በዚህ ትርጓሜ ሲመዘን ሠራተኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ማስረጃና ይርጋ

አዋጁ ትርፍ ሰዓት በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ ብቻ እንዲሠራ ያዛል። ትእዛዙንና እያንዳንዱ ሠራተኛ የሠራውን ትርፍ ሰዓት የመመዝገብ ግዴታም የአሠሪው ነው። ችግሩ የሚነሳው ከዚሁ ነው። ትርፍ ሰዓቱን የማይከፍል አሠሪ መዝገቡንም የማይይዝበት አጋጣሚ አለ፤ ትእዛዙም ብዙ ጊዜ በቃል ይሰጣል። ከሳሽ የሆነው ሠራተኛ ደግሞ መታዘዙንና መሥራቱን የማስረዳት ሸክም ይገጥመዋል።

በእንዲህ ያለ ክርክር ሊጠቅሙ ከሚችሉ ማስረጃዎች ውስጥ የመግቢያና መውጫ ፊርማ፣ የጣት አሻራ መቆጣጠሪያ መዝገብ፣ የፈረቃ ፕሮግራም፣ በስልክ ወይም በኢሜይል የተላከ የሥራ ትእዛዝ፣ የደመወዝ መክፈያ ሰነድና የሥራ ባልደረቦች ምስክርነት ይገኙበታል።

ሌላው እንቅፋት ጊዜ ነው። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ጊዜው የሚቆጠረው ለእያንዳንዱ ክፍያ ለብቻው ነው። ለምሳሌ የመስከረም ወር ትርፍ ሰዓት መስከረም 30 መከፈል ከነበረበት ጥያቄው እስከ መጋቢት 30 መቅረብ አለበት። ሁለት ዓመት ያለ ክፍያ ትርፍ ሰዓት ሠርቶ ሥራ ከለቀቀ በኋላ የሚከስ ሰው ይርጋው ካልተቋረጠለት በስተቀር ሊያገኝ የሚችለው የመጨረሻዎቹን 6 ወራት ያህል ብቻ ይሆናል። ይርጋ የሚቋረጠው ጉዳዩ ሥልጣን ላለው አካል ወይም ለፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ ወይም አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ሲያምን ነው።

ቅሬታ በሠራተኛ ማኅበር በኩል ለአሠሪው፣ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ወይም ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ሊቀርብ ይችላል። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ በሥራ ሰዓት ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያ ወደ ሥራ ቦታ የመግባት ሥልጣን አለው።

በሌሎች አገሮች

አሜሪካ

በ1938 እ.ኤ.አ. የወጣው የፍትሐዊ የሥራ መመዘኛዎች ሕግ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለተሠራ ሥራ አንድ ተኩል ጊዜ ክፍያን ያዛል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1945 እ.ኤ.አ. በብሩክሊን የቁጠባ ባንክና በኦኒል መካከል በነበረው ክርክር፣ ሠራተኛ ይህን መብት በግል ስምምነት ሊተው እንደማይችል ወስኗል። በሌላ በኩል ሕጉ የአመራር፣ የአስተዳደርና የሙያ ሥራ የሚሠሩ ባለ ደመወዞችን ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ውጭ ያደርጋል። ስለዚህ በአሜሪካ ዋናው ክርክር ሠራተኛው በየትኛው ምድብ ይመደባል የሚለው ነው።

ጀርመን

የጀርመን ፌዴራል የሥራ ፍርድ ቤት በ2010 እ.ኤ.አ. «አስፈላጊ የሆነ ትርፍ ሰዓት ሁሉ በወር ደመወዝ ተከፍሏል» የሚል አንቀጽ ግልጽነት ስለሚጎድለው አይጸናም ብሏል። ምክንያቱም ሠራተኛው ሲፈርም ለደመወዙ ስንት ሰዓት እንደሚጠበቅበት ማወቅ አይችልም። በ2012 እ.ኤ.አ. ይኸው ፍርድ ቤት በወር 1,800 ዩሮ ይከፈለው ለነበረ የመጋዘን ሠራተኛ 968 ትርፍ ሰዓት እንዲከፈለው ወስኗል። ከፍተኛ ደመወዝ ለሚያገኙ ባለሙያዎች ግን ለእያንዳንዱ ትርፍ ሰዓት ክፍያ መጠበቅ ሁልጊዜ ተገቢ እንዳልሆነ ፍርድ ቤቱ ገልጿል።

ጃፓን

ያልተከፈለ ትርፍ ሰዓት በጃፓን «ሳቢሱ ዛንግዮ» ይባላል፤ በነፃ የሚበረከት ትርፍ ሰዓት እንደ ማለት ነው። በሥራ ብዛት መሞት ደግሞ «ካሮሺ» የሚል የራሱ ቃል አለው። በ2015 እ.ኤ.አ. አንዲት ወጣት ሠራተኛው ከረጅም ትርፍ ሰዓት በኋላ ራሷን ያጠፋችበት ዴንትሱ የተባለው የማስታወቂያ ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. በሕገወጥ ትርፍ ሰዓት 500,000 የን ተቀጥቷል። የቅጣቱ አነስተኛነት ብዙ አነጋግሯል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የሥራ ማሻሻያ ሕግ ትርፍ ሰዓትን በመርህ ደረጃ በወር 45፣ በዓመት 360 ሰዓት ወስኖ ለተለየ ሁኔታ እስከ 720 ሰዓት በዓመት ይፈቅዳል።

ቻይና

«996» የሚባለው የሥራ ልማድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን መሥራት ነው፤ ስያሜው የመጣው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ከ9 እስከ 9 ከሚለው ነው። በነሐሴ ወር 2021 እ.ኤ.አ. የቻይና ጠቅላይ ሕዝባዊ ፍርድ ቤትና የሰው ኃይል ሚኒስቴር ለዳኞች አርአያ እንዲሆኑ ያወጧቸው 10 ጉዳዮች ይህ ልማድ ሕገወጥ መሆኑን አሳይተዋል። ከአሥሩ አንዱ በቀጥታ ይህን ዓይነት ውል ይመለከታል። በወር 20,000 ዩዋን የሚከፈለው የቴክኖሎጂ ኩባንያ ሠራተኛ ሲቀጠር «በፈቃዴ የትርፍ ሰዓት ክፍያን ትቻለሁ» የሚል ተጨማሪ ቅጽ ፈርሞ ነበር። ግልግሉ ቅጹን ዋጋ አሳጥቶ ኩባንያው 24,000 ዩዋን እንዲከፍለው ወስኗል።

ብሪታንያ

በብሪታንያ ለትርፍ ሰዓት የተለየ ክፍያ የማግኘት ጠቅላላ የሕግ መብት የለም። ሠራተኛው ከሠራው ሰዓት ሁሉ ጋር ሲካፈል ክፍያው ከዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ እስካልወረደ ድረስ ውሉ ትርፍ ሰዓትን ያለ ክፍያ ሊያዝ ይችላል። በሳምንት በአማካይ የ48 ሰዓት ገደብ ቢኖርም ሠራተኛው በፊርማው ከገደቡ መውጣት ይችላል።

በኮምፒውተር ሙያ

የሶፍትዌርና የቪዲዮ ጨዋታ ሥራ ያልተከፈለ ትርፍ ሰዓት ከሚታወቅባቸው ዘርፎች አንዱ ነው። ምርቱ የሚወጣበት ቀን ሲቀርብ ለሳምንታት ወይም ለወራት የሚቆይ የተጨናነቀ የሥራ ወቅት ይከተላል። በ2004 እ.ኤ.አ. የአንድ የኤሌክትሮኒክ አርትስ ሠራተኛ እጮኛ የኩባንያውን የሥራ ሰዓት የሚተች ግልጽ ደብዳቤ በኢንተርኔት አሰራጭታለች። ኩባንያው ትርፍ ሰዓት አልከፈለንም ብለው ከከሰሱት የሥዕል ባለሙያዎች ጋር በ15.6 ሚሊዮን ዶላር፣ ከፕሮግራመሮች ጋር ደግሞ በ14.9 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቷል። በመጋቢት ወር 2019 እ.ኤ.አ. የቻይና ፕሮግራመሮች ጊትሀብ በተባለው የኮድ ማከማቻ ላይ «996.አይሲዩ» የተባለ ገጽ ከፍተው ተቃውሟቸውን ገልጸዋል። ስያሜው በ996 የሚሠራ ሰው መጨረሻው የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው ለማለት ነው።

የቤት ሠራተኞች

የቤት ሠራተኛ በሚሠራበት ቤት ስለሚያድር የሥራውና የዕረፍቱ ወሰን ለመለየት ያስቸግራል። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኞችን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጎ የሥራ ሁኔታቸውን የሚወስን ደንብ እንዲያወጣ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ሥልጣን ይሰጣል። ስለዚህ የ8 ሰዓት ገደብና የትርፍ ሰዓት ክፍያ በዚህ አዋጅ መሠረት አይደርሳቸውም።

ብዙ ኢትዮጵያውያት በሚሠሩባቸው የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮችም ሁኔታው ይለያያል። ኩዌት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የቤት ሠራተኞች ሕግ የሥራ ሰዓትን በቀን በ12 ሰዓት ወስና የሳምንት ዕረፍትን ደንግጋለች። በሊባኖስ የቤት ሠራተኞች ከ1946ቱ የሥራ ሕግ ውጭ ናቸው። በመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. የሥራ ሚኒስቴሩ የ48 ሰዓት የሥራ ሳምንትንና የትርፍ ሰዓት ክፍያን የያዘ አዲስ የሥራ ውል ቢያወጣም የአገሪቱ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በሚቀጥለው ወር አግዶታል። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስምምነት ቁጥር 189 የቤት ሠራተኞች በሥራ ሰዓትና በትርፍ ሰዓት ክፍያ ከሌሎች ሠራተኞች ጋር እኩል እንዲታዩ ይጠይቃል።

በጤና ላይ የሚያስከትለው ጉዳት

የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በጋራ ያወጡት ጥናት በ2016 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ 745,000 ያህል ሰዎች በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከመሥራት ጋር በተያያዘ በስትሮክና በልብ ሕመም እንደሞቱ ገምቷል። በሳምንት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ እነዚህ ሠራተኞች በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው በ17 በመቶ ከፍ ያለ ነው። በኢትዮጵያ መደበኛው 48 ሰዓት ላይ የተፈቀደው 12 ሰዓት ሲጨመር ሳምንቱ 60 ሰዓት ስለሚሆን ከዚህ መጠን ያልፋል።

ክርክሮች

ጠቅላላ ደመወዝን የሚደግፉ አሠሪዎች የአእምሮ ሥራን በሰዓት መለካት አስቸጋሪ መሆኑን፣ የወር ወጪን አስቀድሞ ማወቅ ለድርጅት ዕቅድ እንደሚጠቅምና ከፍ ያለ ደመወዝ የተሰጠው ተጨማሪው ሥራ ታስቦ መሆኑን ያነሳሉ። ተቃዋሚዎች ደግሞ ሥራ ፈላጊና ቀጣሪ እኩል የመደራደር አቅም ስለሌላቸው ፊርማው እውነተኛ ፈቃድን አያሳይም ይላሉ። በኢትዮጵያ ለግሉ ዘርፍ በአገር አቀፍ ደረጃ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ ይህ ነጥብ የበለጠ ክብደት አለው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይደነግጋል።

ሌላው ክርክር የሥራ ዕድልን ይመለከታል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከመደበኛው የሚበልጠው የሠራተኛውን ድካም ለመካስ ብቻ አይደለም፤ አሠሪው ትርፍ ሰዓትን ከማብዛት ይልቅ ተጨማሪ ሰው እንዲቀጥር ለማነሳሳትም ነው። ትርፍ ሰዓት በነፃ ሲሆን ይህ ማነሳሻ ይጠፋል። እያንዳንዳቸው በሳምንት 12 ሰዓት ያለ ክፍያ የሚሠሩ 4 ሠራተኞች በጠቅላላ 48 ሰዓት ይሠራሉ፤ ይህም የአንድ ሠራተኛ ሙሉ የሳምንት ሥራ ነው።

በቅርብ ዓመታት የሕግ ትኩረት ከክፍያው ወደ ምዝገባው አዘንብሏል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. አንድ የስፔን የሠራተኛ ማኅበር በዶይቼ ባንክ ላይ ባቀረበው ክስ፣ አሠሪዎች የእያንዳንዱን ሠራተኛ የዕለት የሥራ ሰዓት የሚለካ አስተማማኝ ሥርዓት እንዲኖራቸው አባል አገሮች ማስገደድ እንዳለባቸው ወስኗል። የፍርድ ቤቱ ምክንያት የተሠራው ሰዓት ካልተለካ ገደቡ መጣሱንም ሆነ ትርፍ ሰዓቱ ስንት እንደሆነ ማረጋገጥ አይቻልም የሚል ነው።